ለፋሲካ የሚታሰረው ቀለበት

መካኒኩ መዳፌ ላይ ያስቀመጠልኝ ናሙና ከደረቅ ቅጠል የማይከብድ የፕላስቲክ ክብ ነበር። አርሂባ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ከወደቡ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ የእኅቴ ልጅ የሳሙኤል መኪና በክሪክ ተነሥታ ቆማለች። ከዱባይ ያስመጣቸው የሚያብረቀርቁ ጃንቶች አጠገቧ ተደርድረዋል። ጃንት የምንለው ጎማው የሚለብስበትን ብረት ነው፤ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ቸርኬ የሚሉትን። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ከመኪናዋ ጋር ልክ ናቸው። ሆኖም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ፍጥነት ሲጨምር መሪው በሳሙኤል እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ጎማዎቹን ሦስት ጊዜ ሚዛን አስጠብቋል፤ ለውጥ የለም። መካኒኩ ግን የጃንቱ የመሐል ቀዳዳ ከመኪናዋ እምብርት፣ ማለትም ጃንቱ ከሚሰካበት ክብ ብረት፣ እንደሚሰፋ፣ ጎማው በብሎኖቹ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደሚዞር፣ ክፍተቱን የሚሞላ ባግ እንደሚያስፈልግ አስረዳን። ከዚያም የተማርኩ ሰው መሆኔን ስለሰማ ነው መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ ባግን በአማርኛ ምን ይሉታል?" ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት። አውቅ ነበር። በአሥር ዓመቴ አውቄው፣ ባላወቅሁት ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ቃል ነው።

ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ፣ አዲሱ ሐዲድ ገና እየተነጠፈ ሳለ ነው፤ ዕድሜዬ ሰባን አልፎ ነበር። የምተርከው ነገር ደግሞ ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ አንባቢዬን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ በዓይኔ ያየሁትንና በኋላ የተነገረኝን በምችለው መጠን ለይቼ አቀርባለሁ፤ ልለየው ያልቻልሁትንም አልደብቅም። ትዝታ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመጣፉ የተነሣ የቱ የመጀመሪያው ጨርቅ እንደሆነ ባለቤቱም ይጠፋዋል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ካርቲየ 4 ነበር። አባቴ በምድር ባቡር ሥራ ከድሬዳዋ ወርዶ፣ በኋላ ሥራውን ትቶ በአንዲት አሮጌ መኪና ከጣቢያው ወደ ሜኔሊክ አደባባይ መንገደኛ የሚያመላልስ ሰው ሆነ። የሰፈራችን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ፀሐይ ያነደደው ጎማ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ እርጥበት። ያ እርጥበት ብረት ይበላ ነበር። አባቴ ማታ ማታ መኪናውን በንጹሕ ውኃ ቢያጥብም፣ ጨው ከውኃው ቀድሞ ይገባል። እኛ ልጆች ዝገት የበላው ጃንት ስናገኝ በእንጨት እየገፋን ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው እናሽከረክረው ነበር። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊው፣ የሐረሩ ልጅ፣ ሁላችንም በየቋንቋችን እየጮህን ከአንድ ክብ ብረት ኋላ እንሮጣለን።

አንድ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ይመስለኛል፣ ከአባቴ መኪና ጃንቶች አንዱ በዝገት ተሰነጠቀ። አባቴ ወደብ አጠገብ ከተጋጨች ከሌላ ዓይነት መኪና አራት ጃንቶች አግኝቶ ገዛ። ብሎኖቹ ገቡለት፤ ደስ አለው። ደስታው ግን እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ነበር። አዲሶቹ ጃንቶች ወደ ውጭ ወጣ ስለሚሉ ጎማው መንገደኛ በተጫነ ቁጥር ፓራፋንጎውን፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ይልግ ጀመር። አባቴ የቆርቆሮውን ጠርዝ ቀስ እያለ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፈው፤ መላጉ ቀረ። መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። ወደ አምቡሊ የሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ ሲፈጥን መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ቤት ሲመለስም ብሎኖቹ ላልተው ይገኛሉ። ይህ ቀልድ አልነበረም። ጎማ ቢወልቅ መንገደኛ ይሞታል፤ መኪናዋ ብትቆም ደግሞ እኛ እንራባለን። አባቴ የወተት ቆርቆሮ ቀዶ በክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቀበት። ሁለት ቀን አገለገለ፤ በሦስተኛው ቀን ተጨፍልቆ ወጣ።

በመጨረሻ ሙሳ የሚባል የሰፈራችን ሶማሌ መካኒክ ጃንቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ በመሐል ቀዳዳው እኔን አየኝ። አንድ ዓይኑ በክቡ ውስጥ ሲስቅ አስታውሳለሁ። ለአባቴም በሚያውቃት አማርኛ፣ "ባግ የለም። ባግ ካለ፣ ጎማ ዝም ይላል" አለው። እንዲህ ያለውን ብረት በትክክል የሚቀርጸው ድሬዳዋ የሚገኘው የባቡር ጥገና ክፍል ነበር፤ እዚያም የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ መኩሪያ ቶርኖ ላይ ይሠራ ነበር። አባቴ ሽቦ ቆልምሞ የክፍተቱን ልክ ወሰደ። ሽቦውን የሚያደርሰው ታፈሰ ነው። ታፈሰ በባቡሩ የዕቃ ፉርጎ የሚሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የእኛ ዘመድ ሁሉ ደብዳቤውንና ስንቁን የሚልከው በእርሱ እጅ ነበር።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ዳዊት ይደግማል እንጂ አይጽፍም። እኔ ቀን ቀን የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ስሆን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አማርኛ እማር ነበር። የአማርኛ መምህራችን ጥብቅ ሰው ነበሩ። "አማርኛ የራሱ ልብስ አለው፤ የጎረቤት ሸሚዝ አታልብሱት" ይሉን ነበር። ፈረንሳይኛ የቀላቀለ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቃሉን አሥር ጊዜ በአማርኛ ይጽፋል። እኔ አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። እንግዲህ አባቴ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ "ባጉን ለፋሲካ ማግሥት ጃንቱ ላይ እናስራለን በለው" ሲል፣ ብዕሬ ቆመ። ባግ በትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ የሥዕል መጽሐፌ ውስጥ ነበር፤ አንዲት የእጅ ጣትና በላይዋ የሚያበራ ክብ። ቀለበት! በደስታ ጻፍኩት። ጃንት ግን አስቸገረኝ። ቸርኬ እንዳልል መምህራችን የጣልያን ነው ብለውናል። የማላውቀውን ከምጽፍ ልተወው፣ ታፈሰ በቃሉ ያስረዳል ብዬ ዘለልኩት።

ደብዳቤው ዛሬ በእጄ የለም። ነገር ግን ያቺን ክፍል ብዙ ጊዜ ለራሴ ስለደገምኳት ከዚህ እንደማትርቅ አምናለሁ፦ "ታፈሰ ልኩን ይዞላችሁ መጥቷል። ቀለበቱ እዚያ ይሠራ። በላይነሽም ለበዓሉ ከእርሱ ጋር ትውረድ። ቀለበቱን በፋሲካ ማግሥት እናስራለን።"

በላይነሽ የአባቴ ታናሽ እኅት ነች። ድሬዳዋ ከአጎቴ ጋር ትኖራለች፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ነበር ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ያላገባች ሴት በዚያ ዕድሜ ስትገኝ ሰው ስለ እርሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። አባቴ ትውረድ ያለው ስለናፈቀችው ብቻ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ስሟን ጠርቶ "በላይንም ላኳት፣ ልጆቹ ናፍቀዋታል" ሲል ሰምቻለሁ። ያሳመርኩት እኔ ነኝ።

ድሬዳዋ የሆነውን አላየሁም። ከእትዬ በላይነሽ ከራሷ፣ በኋላም ከሌሎች እንደሰማሁት ግን ታፈሰ ከባቡር እንደወረደ ሽቦውን ለአጎቴ በሥራው ቦታ ሰጥቶ፣ አራት እንዲሆን በቃሉ ነገረው። ደብዳቤውን ደግሞ እንደ ወትሮው ወደ ቤት ወሰደው፤ የሚያነቡላቸው ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ነበሩና። አጎቴ ማታ እስኪመለስ ዲያቆኑ ለእርሷ አነበቡላት። ሁለት ጊዜ አነበቡላት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፤ እኔ ግን ወንድሞችሽ ሳይናገሩ አልናገርም" አሏት። እንዲህ ያለውን ወሬ ባለጉዳይዋ ራሷ ማውራት ነውር ነው። አጎቴ ሲመለስ ደብዳቤው ምን ይላል ቢላት፣ ለፋሲካ ውረጂ ብለውኛል አለችው። እርሱም ጥሩ፣ እኔም የምልከው ዕቃ አለኝ አላት። ታፈሰም በየጉዞው ከጅቡቲ ስኳር ያመጣላት ነበር። ለሌሎችም ቤቶች ያመጣ ነበር፤ እርሷ ግን የሌሎቹን ቤቶች ስኳር አልቆጠረችም።

የመጣችው በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው። ይህን የማልጠራጠረው ስላልተሳሳምን ነው፤ በሕማማት መሳሳም የለም። አባቴና እርሷ ጣቢያው ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተያዩ። ከኋላዋ ታፈሰ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ መጣ። አባቴ መኪናው ሥራ ፈትታ ስለከረመች ትዕግሥት አልነበረውም፤ የመንገዱን ደኅንነት ሳይጠይቅ፣ ደብዳቤውን ሳነብለት የወደደውን ቃል ይዞ፣ "ቀለበቱስ?" አለ።

"አራቱም አሉ" አለ ታፈሰ ጆንያውን እያወረደ። "ክንዴን ገንጥለውት ነው የመጡት።"

ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። እትዬ በላይነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "መቀለጃ አደረጉኝ አይደል?" አለችኝ በሹክሹክታ። "አራት ቀለበት ይላሉ። ምን ይላሉ እነዚህ ቀልደኞች!" ዓይኖቿ እንዲያ ሲያበሩ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ግን ጆንያው መሬት ሲነካ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ደብዳቤዬ ድሬዳዋ ውስጥ እንዴት እንደተነበበ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ከሁላችን መካከል የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ በሕማማት መዶሻም ሆነ መፍቻ አያነሣም ነበር፤ በምስማር ሳምንት ብረት አይመታም ይል ነበር። ስለዚህ ጆንያው ሳይፈታ ከአልጋው ሥር ተቀመጠ። ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት በቅጡ አላስታውስም፤ ምግብ እንዳስጠላኝ እናቴ ትናገር ነበር፤ በጾም ምክንያት የሆነ መስሏት ነበር። የሽማግሌዎች ቃል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሲባል እሰማ ነበር። ከብዕር የወጣውስ?

ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቀን እትዬ በላይነሽ ሣጥኗን ከፈተች። አዲስ ቀሚስ ነበራት። ነጭ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ የሎሚ ቀለም ያለው ይመስለኛል። ከሥሩ ደብዳቤውን አወጣች፤ አራት ታጥፎ በመሐረብ ታስሯል።

"የጻፍከው አንተ ነህ አሉ" አለችኝ። "እስቲ በአንተ አፍ ልስማው።"

አነበብኩላት። እዚያች መስመር ስደርስ የእጅ ጽሕፈቴ ዓይኔ ላይ ተንቀሳቀሰ። ዘልዬ ልለፋት እችል ነበር፤ እትዬ አታነብም። እንዲያውም ማንበቤን ቀጥዬ፣ ወንዶቹ ራሳቸው ጆንያውን እስኪፈቱ መጠበቅ እችል ነበር። ግን ያኔ ሁሉም ፊት ይሆናል። ይህን በአሥር ዓመቴ እንዲህ አድርጌ አስልቼዋለሁ ማለት አልችልም። የማውቀው ቃሉ ከአፌ መውጣቱን ነው።

"የጎማ ነው፣ እትዬ" አልኳት። "ቀለበቱ የጎማ ነው።"

ከአልጋው ሥር ጆንያውን ስቤ አንዱን የብረት ቀለበት አወጣሁላት። በዘይት የራሰ፣ ክፍት እጇ የሚገባበት ነበር። ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው።

"አባትህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታፈሰስ?"

"እርሱም አያውቅም።"

"እንግዲያስ ማንም አያውቅም" አለች። ቀለበቱን መልሳ ጆንያው ውስጥ አስገባችና እጇን በመሐረቡ ጠረገች። ታልቅስ አታልቅስ አላየሁም፤ የተመለከትኩት እጇን ነው። ተንበርክኬ ጉልበቷን ልስም ብል ሳምንቱ ከለከለኝ። የጻፍኩት ስሕተት መሆኑን፣ ለአባቴ እንደምናገር፣ መምህራችንም እንዲቀጡኝ እንደምጠይቅ ስቀባጥር ራሴን በመዳፏ ነካች።

"አንተ ቀለበት አልክ" አለችኝ። "ጣት የጨመርኩበት እኔ ነኝ።"

በፋሲካ ጠዋት ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። በማግሥቱ ሙሳ መጣ፤ ታፈሰም የሥራው ውጤት ምን እንደሆነ ሊያይ መጣ። መኪናዋ ተነሣች። ሙሳ የእምብርቱን ዝገት በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገ፤ የብረት ቀለበቱን ጃንቱ መሐል አስገብቶ በእጁ ገፋው፤ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ብሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከወዲያ፣ እያፈራረቀ አጠበቀ። እትዬ በላይነሽ ያንን ቀሚስ ለብሳ ከቤት የወጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

አባቴ ቀና ብሎ አያት። "እኅትዓለም፣ ይህን ቀሚስ ለጎማ ለበስሽው?"

"ምነው ወንድምዓለም" አለችው፣ "ቀለበት ሲታሰር በአሮጌ ቀሚስ ይቆማል እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ታፈሰ ነበር፤ ያ ዝምተኛ ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ በላይነሽን የመሰለ ጨዋታ አዋቂ የለም አለ። እርሷም ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ አባቴም ልጁ ቀልድ አይገባውም ብሎ ተረበኝ።

ወደ አምቡሊ ሄድን። አባቴና ሙሳ ከፊት፣ እርሷ በእኔና በታፈሰ መካከል ከኋላ። አባቴ በቴምሮቹ አጠገብ መኪናዋን ለቀቃት፤ ከዚያ ሁለት እጆቹን ከመሪው አንሥቶ፣ "እዩት፣ እዩት" አለን። መሪው ንቅንቅ አላለም። ሙሳ በሶማሌኛ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ታፈሰ መሪውን ለማየት አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ነበር። እትዬ በላይነሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ የቀሚሷን ጫፍ ዘይት እንዳይነካው በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች። በዚያ መንገድ ላይ ከእርሷ የበለጠ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ወደ ድሬዳዋ በተመለሰች ቀን በባቡሩ መስኮት ራሷን አውጥታ፣ "ጻፍልኝ፤ አንተው ጻፍልኝ" አለችኝ። አባቴ እስኪሞት ነገሩን አልሰማም፤ ታፈሰም አልሰማም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሴት አገባ። ይህ ስሕተት የእትዬ በላይነሽን ሕይወት ሰበረው ብዬ ብጽፍ ለትረካ ያምር ይሆናል፤ እውነት መሆኑን ግን አላውቅም። እርሷም በኋላ አንድ ደግ የእህል ነጋዴ አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች። እኔም ለትምህርት ባሕር ተሻግሬም፣ ተመልሼ እዚሁ ከተማ ሳስተምርም፣ እስክታርፍ ድረስ ጻፍኩላት። መጀመሪያ ዲያቆኑ፣ ኋላም ልጆቿ አነበቡላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሁለቱ ልጆቿ ታላቂቱ ቀለበት ልታስር መሆኑን ስታስጽፍልኝ፣ በደብዳቤው ግርጌ፣ "ይህኛው የጣት ነው" የሚል መስመር አስጨምራ ነበር። የጻፈችላት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባት እንደጻፈችው እገምታለሁ።

ሳሙኤል ያን ዕለት አርሂባ ውስጥ መካኒኩ የነገረውን ልክ በቁጥር፣ እስከ ነጥቡ ድረስ፣ በስልኩ ወደ ዱባይ ላከ። በሳምንቱ አራት ባጎች በናይሎን ተጠቅልለው መጡ፤ መኪናዋም ጸጥ አለች። ቁጥር ላይ ማንም ጣት አይጨምርም። ይህ መልካም ነገር ነው፤ የድሮው ይሻል ነበር ብዬ ሳሙኤልን አላደክመውም፤ የድሮው አንዲት ሴት በከንቱ ሣጥን እንድታሰናዳ አድርጓል። መልእክቱን ሲልክ ግን አጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ አውራ ጣቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። እኔ ለእትዬ በላይነሽ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ፣ ይህ ቃል እዚያ ሲደርስ ማን ምን ይጨምርበት ይሆን እያልኩ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት እቆም ነበር። ዛሬ የምቆምላት ሰው የለችም። እጄ ግን አሁንም ይቆማል።